የእቃ ቤቱ መዝገብ

በምሳሌ ልናገር።

ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ እናትና ልጅ ይኖሩ ነበር። እናት መኝታ ቤቱን ለልጇ ለቀቀችለትና እሷ ሳሎን ፍራሽ ዘርግታ ማደር ጀመረች። ልጁ ሙዚቃ ይሠራል። መድረክ ላይ የሚወጣ አይደለም፤ ላፕቶፑ ላይ ከበሮውንም ቤዙንም ዜማውንም ብቻውን የሚደረድር፣ ጆሮ ማዳመጫ አጥልቆ ሌሊቱን የሚያነጋ ነው። እንጀራው የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት ማድረግ ነው፤ ልቡ ግን እዚያች ክፍል ውስጥ ነው የሚውለው።

እናቱ የእድሩ ንብረት ያዥ ናት። ከጋራ መገልገያው ሕንጻ ጥግ በቆርቆሮ የተከለለች አንዲት እቃ ቤት አለች፤ ቁልፏ ከእናትየዋ ማተብ ጋር ታስሮ ይውላል። ውስጧ ሁለት ድንኳን፣ 120 የፕላስቲክ ወንበር፣ አግዳሚ፣ ስድስት ጎላ ድስት፣ ሳፋ፣ ትሪ፣ በደርዘን የታሰረ ሰሃንና ብርጭቆ አለ። ከእቃ ቤቱ አንዲት ጭልፋ እንኳ ሳትመዘገብ አትወጣም። መዝገቡ አራት ዓምድ አለው፦ ቀን፣ የእቃው ዓይነት፣ ለምን፣ የተመለሰበት ቀን። «ለምን» የሚለው ባዶ ከሆነ እናትየዋ ቁልፉን ከአንገቷ አታወርድም። ክርስትና ይሁን፣ ኒካህ ይሁን፣ ተዝካር ይሁን፣ መጠራት አለበት።

ልጁ ሲጀምር የነበረው አንድ ያገለገለ ላፕቶፕና አንድ ጆሮ ማዳመጫ ነበር። በዚያ ዓመት ሰባት ሥራ ጨረሰ። ሰባቱም እንከን ነበረባቸው፤ አልቀው ግን ለጓደኞቹ ስልክ ተልከዋል። ከዚያ በኋላ ጆሮው እየሰላ ሲሄድ ጉድለቱ ይሰማው ጀመር፤ ለእያንዳንዱ ጉድለት ደግሞ የሚገዛ እቃ አገኘ። ዜማው የተንቀራፈፈው በማውስ እያስቀመጥኩት ነው አለና 25 ቁልፍ ያላት ትንሽ ሚዲ ኪቦርድ ገዛ። ድምፁ የሳሳው የላፕቶፑ ድምፅ ማውጫ ደካማ ሆኖ ነው አለና ሳውንድ ካርድ ገዛ። ከዚያ ኮንደንሰር ማይክ፣ ከዚያ ጥንድ ሞኒተር ስፒከር፣ ከዚያ ባለ ስምንት መስመር ሚክሰር፣ ከዚያ የከበሮ ማሽን። ከሱቅ የለመነውን የእንቁላል ካርቶን ግድግዳው ላይ ለጠፈ። ምክንያቶቹ የሰነፍ ምክንያቶች አልነበሩም፤ እያንዳንዱ ውስጥ ትንሽ እውነት ነበረችበት። ለዚህም ነው ለመመለስ የሚያስቸግሩት።

የመጨረሻው ሲንተሳይዘር ነበር። ከአሜሪካ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ እንዲደርሰው ተነጋግሮ፣ ዶላሩን በባንክ ዋጋ በ57 ብር ሂሳብ አስልቶ ገንዘቡን አጠራቅሞ ጨርሷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ። ጥቂት ቀናት ሳይቆይ አንድ ዶላር ከ100 ብር አለፈ፤ የልጁ ቁጠባም የእቃውን ግማሽ ያህል ብቻ የሚገዛ ሆነ። እናትየዋ ምንም አልተናገረችም። የእቁብ ዕጣዋ በዚያው ወር ወጥቶላት ስለነበር ብሩን ቆጥራ ሰጠችው።

ሲንተሳይዘሩ መጣ። ከካርቶኑ ሲወጣ አዲስ የፕላስቲክ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ልጁ ሳምንት ሙሉ መመሪያውን በስልኩ እያነበበ ቁልፎቹን ሲያዞር ሰነበተ። የሚያምር ድምፅ ባገኘ ቁጥር ስም ሰጥቶ ያስቀምጣል። ነሐሴ ሲያልቅ የተቀመጡት ድምፆች ከመቶ በለጡ። ያለቀ ሥራ ግን አንድም አልነበረም፤ በዚያ ዓመት ብቻ ሳይሆን ከዚያ በፊት በነበረውም ዓመት።

አንድ ማታ እናቱ ሻይ ይዛ ገባችና «እስቲ አሰማኝ» አለችው። ጆሮ ማዳመጫውን አጠለቀላት። ስምንት ባር የሆነ ነገር ነበር፤ ከበሮው ይመታል፣ ቤዙ ይከተላል፣ ላይ ላይ እንደ ጭስ የሚሳብ ድምፅ አለ። እየዞረ ይመለሳል። እናትየዋ ዓይኗን ጨፍና ቆየች፤ ሦስተኛውን ዙር፣ አራተኛውን ዙር ሰማች።

«ደስ ይላል» አለች፤ «ግን መጀመሪያውን ነው የሚደጋግመው። ቀጥሎ ምን ይመጣል?»

ልጁ መልስ አልነበረውም።

በማግሥቱ የመስከረም አንድ ዋዜማ ነበር። እናቱ አዲስ ደብተር ገዝታ፣ በማስመሪያ አራት ዓምድ አስምራ ኪቦርዱ ላይ አስቀመጠችለት። «እኔ ያንተን ሙያ አላውቅም፤ የማውቀው እቃ መያዝ ነው። መደርደሪያህ ላይ ያለው የኔም ብር ነው። ስታወጣው ጻፈው፤ ለምን እንዳወጣኸውም ጻፍ። ሦስት ወር ብቻ» አለችው። ልጁ በሆዱ ተቆጣ፤ ግን የእቁቡ ብር ስለከበደው እሺ አለ።

ከመስከረም 1 እስከ ኅዳር 30፣ 90 ቀን ጻፈ። አልዋሸም። በኅዳር መጨረሻ እናትና ልጅ ሳሎን ፍራሹ ላይ ተቀምጠው ቆጠሩት። ላፕቶፑና ጆሮ ማዳመጫው 78 ቀን ወጥተዋል። ትንሿ ኪቦርድ 71። ሳውንድ ካርዱ 19፣ ማይኩ 14። ሞኒተሮቹ 9 ጊዜ ብቻ፤ ቤዙ በወለሉ አልፎ ከታች ያሉትን ሽማግሌ ስለሚረብሽ ማታ አይከፈቱም፣ ቀን ሲከፈቱ ደግሞ ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር የሆነችው ክፍል ቤዙን ማዕዘን ላይ ታከማቸውና ታሳስተዋለች። የእንቁላሉ ካርቶን ለዚህ አልረዳም፤ የሚውጠው ቀጭኑን ድምፅ ትንሽ ትንሽ ነው፣ ወፍራሙን አይነካውም። የከበሮ ማሽኑ 6። ሚክሰሩ 1። ሲንተሳይዘሩ ሁለት ጊዜ።

ልጁ አንገቱን ደፋ፤ የሚወቀስ መስሎታል። እናቱ ግን ቁጥሩን ትታ ሦስተኛውን ዓምድ በጣቷ ከላይ ወደ ታች እየተከተለች ነበር።

«ይሄ ‹ለሙከራ› የሚለው ምንድን ነው?»

«እ... መሞከር ነዋ። ድምፅ መፈለግ።»

«የማን ድግስ ነው?»

ዝም አለ።

«እዚህም ለሙከራ፣ እዚህም ለሙከራ፣ ገጹ ሙሉ ለሙከራ። እኔ እቃ ቤት አንድ ሰው መጥቶ ድስት ለሙከራ ስጪኝ ቢለኝ ስንት ሰው ጠራህ ነው የምለው። ድስት የሚመረጠው ሰው ከተቆጠረ በኋላ ነው፣ ልጄ። ለአሥር ሰው ጎላ ብትጥድ ወጡ ያርራል፤ ለመቶ ሰው በትንሹ ብትሠራ አይደርስም። ድስቱ አይደለም ጥፋተኛው።»

ከታኅሣሥ ጀምሮ «ለሙከራ» ተከለከለ። እቃ የሚወጣው ስም ላለው ሥራ ብቻ ሆነ። ልጁ ለአንዱ ጅምር ስም ሰጠው፤ እናቱ የተወለደችበትን፣ ፈርሶ ሌላ ሕንጻ የቆመበትን የድሮ ሰፈር ስም። ስም ሲሰጠው ሥራው ራሱ መጠየቅ ጀመረ። የሚጠይቀው ደግሞ መደርደሪያው ላይ የሌለ ነገር ነበር፦ ማሲንቆ።

ጎሮ የሚኖሩ፣ ማታ ማታ አዝማሪ ቤት የሚሠሩ አንድ ማሲንቆ ተጫዋች ነበሩ። እናትየዋ «በስልክህ ቅዳቸው፣ ለምን ማይክ ታወጣለህ?» አለች። እዚህ ላይ እሷ ተሳሳተች። ልጁ ሁለቱንም ቀድቶ አሰማት። በስልኩ የተቀዳው፣ ስልኩ ራሱ ድምፁን ከፍ ዝቅ ስለሚያደርገው፣ ለስላሳው ጎልቶ ጠንካራው ታፍኖ አንድ ወጥ ሆኗል፤ በማይኩ የተቀዳው ላይ ደጋኑ የፈረስ ጭራውን ሲነካ ያለው ጭርታ፣ የቆዳው ጉርምርምታ፣ የሰውየው ትንፋሽ ሳይቀር አለ። እናትየዋ ደጋግማ ሰማችና «ይሄስ ይውጣ» አለች። መዝገቡ ላይም በራሷ እጅ ጻፈችው።

ዋናውን የቀዱት ሰኞ ከሰዓት ነበር። የእንቁላሉን ካርቶን አንስተው ሁለት ጋቢና አንድ ብርድ ልብስ በገመድ ላይ ሰቀሉ፤ ልብስ የሞላውን ቁም ሣጥን ከፍተው ማሲንቆ ተጫዋቹን ከፊቱ አስቀመጧቸው። ውጭ ግራይንደር ብረት ይቆርጣል፤ ረዳቶች ‹ፍየል ቤት! ፍየል ቤት!› ይላሉ። ሁለት ጊዜ ቀድተው ሁለቱንም ጣሉት። ሦስተኛውን ሲጀምሩ መብራት ጠፋ።

መብራት ሲጠፋ ግራይንደሩ ቆመ። የሳሎኑ ፍሪጅ፣ ለካ ሁልጊዜ ያጉረመርም ኖሮ፣ ዝም አለ። ሞኒተሮቹ፣ ሚክሰሩ፣ የከበሮ ማሽኑ፣ ሲንተሳይዘሩ፣ ከግድግዳ የሚመገበው ሁሉ በአንድ ጊዜ ጨለመ። የላፕቶፑ ባትሪ 41 በመቶ ይላል። ሳውንድ ካርዱና ትንሿ ኪቦርድ ከላፕቶፑ ገመድ ስለሚመገቡ በርተዋል፤ ማይኩም ከሳውንድ ካርዱ።

«ጋሼ፣ ይቀጥሉ» አለ ልጁ በሹክሹክታ።

ስድስት ደቂቃ ተጫወቱ። ያ ስድስት ደቂቃ ነው የሥራው አጥንት የሆነው።

ሲያልቅ በሞኒተር አላረጋገጠውም። ከሰሚት ወደ መገናኛ በሚሄድ ሚኒባስ ጋቢና ገብቶ፣ «ወንድሜ፣ ይሄን አንዴ ትከፍትልኛለህ?» ብሎ ሾፌሩን ለመነና በመኪናው ስፒከር ሰማው። ከበሮው ማሲንቆውን ውጦታል። ቤቱ ተመልሶ ከበሮውን ዝቅ አደረገ፤ በማግሥቱ በሌላ ሚኒባስ ሰማ። ሦስተኛው ቀን ላይ ሾፌሩ ሳይጠየቅ ድምፁን ከፍ አደረገው። ማታ ልጁ አራተኛውን ዓምድ፣ የተመለሰበት ቀን የሚለውን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞላው።

ሲንተሳይዘሩ አልተሸጠም። ሲኤምሲ አካባቢ እንዲህ ዓይነት ድምፅ የሚፈልግ ሥራ የጀመረ ጓደኛ ነበረው፤ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ለሁለት ሳምንት ሄደለት። ከጓደኛው ዘንድ ደግሞ የተሻለ ማይክ ለአንድ ቀን መጣ። ፊጋ ያለው ሦስተኛው ገባ፣ ጎሮ ያለው አራተኛው። አንዱ ገመድ ሰብሮ መለሰና ነገር ሊበላሽ ሲል እናትየዋን ጠየቁ። «የሰበረ ይተካል፣ ያዘገየ ይቀጣል፣ ለምን እንደወሰደ ያልጻፈ አይወስድም» አለቻቸው። የእድሩ ደንብ ነው። ደብተሩ አሁን ከቤት ቤት ይዞራል።

ምሳሌው ይኸው ነው። እናትና ልጁ የምሳሌ ሰዎች ናቸው፤ ያቺ ክፍል ግን የእውነት ናት፣ በየብሎኩ አለች። እዚያ ውስጥ ለሚያድሩት ወጣቶች ስለማስብ ነው የጻፍኩት። «ለመጀመር ስንት እቃ ያስፈልጋል?» ብለው ሲጠይቁ ብዙ ሰው ወይ ረጅም ዝርዝር ይሰጣቸዋል፣ ወይ ደግሞ «ምንም አያስፈልግም፣ ተሰጥኦ ይበቃል» ይላቸዋል። ሁለቱም መልስ «ለምን?» የሚለውን ዓምድ ይዘልላል።

ይህን ዓምድ ስለሞላ ሰው ካነሳን ሙዚቀኛውን ኃይሉ መርጊያን አስቡ። በዋልያስ ባንድ ኦርጋን ይዞ በአዲስ አበባ ሒልተን ለዓመታት ተጫውቷል። ባንዱ በ1981 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሄደና ከፊሉ፣ እሱም ጭምር፣ እዚያው ቀረ። በ1985 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ውስጥ በአንድ አነስተኛ ስቱዲዮ ብቻውን ገብቶ «ሸሞንሟናዬ» የተባለውን ካሴት ቀዳ፤ በአኮርዲዮን፣ በሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ በሙግ ሲንተሳይዘር፣ በያማሃ ዲኤክስ 7 እና በከበሮ ማሽን። ይህ የድሃ መሣሪያ አልነበረም። ዲኤክስ 7 በ1983 እ.ኤ.አ. ሲወጣ 2,000 ዶላር ገደማ የተተመነ፣ የዘመኑ አዲስ ነገር ነበር። ስለዚህ «ትንሽ ይበቃል» ለማለት እሱን ምስክር መጥራት ልክ አይደለም። እኔ ካሴቱ ውስጥ የምሰማው ሌላ ነው፦ ያለ ሥራ የቆመ እቃ የለም። አኮርዲዮኑ በልጅነቱ የለመደው ነው፤ አሮጌውን ዜማ ይይዛል። የከበሮ ማሽኑ ሰዓቱን ይጠብቃል፣ ሲንተሳይዘሩ ቦታውን ይሞላል። የተጠሩት ለታወቀ ድግስ ነው፤ ጠሪውም ሒልተን ባሳለፋቸው ሌሊቶች ሰው መቁጠር ለምዷል። ካሴቱን ከዓመታት በኋላ ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ውስጥ አገኘውና በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና ታተመ።

ለእኛ ሙዚቃ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ከሱቅ አይገዛም። ኪቦርድ ሁሉ ኦክታቩን እኩል 12 ቦታ ከፍሎ ነው የሚመጣው። ክራር ተጫዋች ለአንቺ ሆዬ ወይም ለባቲ ሲቃኝ ግን ክሩን የሚያጠብቀው በጆሮው ነው፤ አንዳንዱ ድምፅ ከኪቦርዱ ቁልፍ ጥቂት ከፍ፣ ጥቂት ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ልጆቻችን በኪቦርድ የሠሩት ትዝታ «የሆነ ነገር ጎደለው» ብለው ሌላ እቃ ሲያማትሩ ሳይ ያሳዝነኛል፤ ብዙ ጊዜ የጎደለው ይህቺ ጥቂት ከፍታ ናት። አንዳንድ የሙዚቃ ፕሮግራሞች እያንዳንዱን ድምፅ ለየብቻው ለመቃኘት ይፈቅዳሉ። የሚያስፈልገው አንድ ከሰዓት ከአንድ ባለ ክራር አጠገብ ተቀምጦ ማዳመጥ ነው። ሙዚቀኛው ሮፍናን በ2010 ዓ.ም. «ነፀብራቅ» የተባለ አልበሙን ሲያወጣ፣ ሙዚቀኞቹ ሚካኤል ሰይፉና እንደገና ሙሉ ደግሞ ከዚያ ቀደም ብለው የአገሩን ድምፅ ከኤሌክትሮኒክ ጋር ሲያገናኙ፣ አድማጩን የያዘው ይሄ ማዳመጣቸው ይመስለኛል።

ወደ ኃይሉ ስመለስ፣ በኋላ ለረጅም ዓመታት ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ነዳ። በባትሪ የሚሠራ አንድ ኪቦርድ ከመኪናው የኋላ እቃ መጫኛ ውስጥ አይጠፋም ነበር። ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ አውጥቶ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይለማመዳል፤ ተራው ሲደርስ ወደ ቦታው ይመልሰውና ተሳፋሪውን ጭኖ ይሄዳል።